ከግማሽ ዶላር በታች፦ የማጅራት ገትር ክትባት እንዴት ተሠራ?

ክትባት እያለ ሰው በዚያው በሽታ ሲያልቅ ማየት እንቆቅልሽ ይመስላል። በ1996 እና በ1997 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ማጅራት ገትር ከሰሃራ በታች ያለውን የአፍሪካ ክፍል መትቶ ከ250 ሺህ በላይ ሰዎች ታመሙ፤ 25 ሺህ ያህሉም ሞቱ። ለበሽታው ክትባት ከተሠራለት ግን ያን ጊዜ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። የአሜሪካ ወታደሮች ይከተቡት ነበር፤ ወደ መካ የሚሄዱ ተጓዦችም ይከተቡት ነበር። ታዲያ የቡርኪና ፋሶን፣ የናይጄሪያንና የማሊን ልጆች ለምን አላዳናቸውም?

የዚህ ጥያቄ መልስ ክትባት እንዴት እንደሚሠራ ከብዙ የትምህርት መጽሐፍ የተሻለ ያስተምራል ብዬ አምናለሁ። ክትባት በላቦራቶሪ ይፈለሰፋል፣ በእንስሳ ከዚያም በሰው ላይ ይሞከራል፣ ፈቃድ ያገኛል፣ ይመረታል፣ ይሰጣል ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ሐሰት አይደለም፤ ግን ጎደሎ ነው። ክትባቱን የሚወስደው ማን ነው፣ በስንት ዋጋ ይገዛል፣ በምን መንገድ ተጉዞ ነው የሚደርሰው የሚሉት ጥያቄዎች መጨረሻ ላይ የሚነሱ ከሆነ፣ ክትባቱ ተሠርቶም አይደርስም። የማጅራት ገትር ታሪክ ጥያቄዎቹ ከመጀመሪያው ሲነሱ ምን እንደሚሆን ያሳያል።

መጀመሪያ በሽታውን እንወቀው። ወረርሽኝ የሚያስነሣው ባክቴሪያ መኖሪያው የጤነኛ ሰው አፍንጫና ጉሮሮ ነው። አብዛኛው ተሸካሚ ምንም ሳይሰማው ለሳምንታት ወይም ለወራት ይዞት ይቆይና ሰውነቱ በራሱ ጊዜ ያስወግደዋል። በሳል፣ በማስነጠስ፣ ተፋፍጎ በመተኛት ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። በአንዳንድ ሰው ላይ ግን ከጉሮሮ ግድግዳ ሾልኮ ደም ውስጥ ይገባል፤ ከዚያም አንጎልንና ሕብለ ሰረሰርን የሸፈነውን ስስ ሽፋን ያቆስላል። ትኩሳቱ ይበረታል፣ ራስ ይፈልጣል፣ አንገት ይገተራል፣ ብርሃን ያስጠላል፤ በሕፃን ላይ ደግሞ እርግብግቢቱ ይነፋል። ሕክምና ካላገኙት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ይሞታሉ። ሕክምና ካገኙትም ከአሥር አንዱ ገደማ አይተርፍም፤ ከተረፉትም መካከል ጆሮው የሚደነቁር፣ የሚጥል በሽታ የሚይዘው፣ ትምህርት የሚከብደው ብዙ ነው። መስማት ለተሳናቸው ልጆች በተከፈቱ የአፍሪካ ትምህርት ቤቶች ማጅራት ገትር ጆሯቸውን የወሰደባቸው ተማሪዎች ሁሌም ይገኛሉ።

ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ ያለው ሰፊ መሬት የማጅራት ገትር ቀበቶ ይባላል። ወሰኑን በ1963 ያሰመረው ላፔይሶኒ የተባለ ፈረንሳዊ ወታደራዊ ሐኪም ነው። በበጋው ወራት አየሩ ሲደርቅና አቧራው ሲበዛ የጉሮሮ ሽፋን ይሰነጣጠቃል፤ ባክቴሪያውም መግቢያ ያገኛል። ዝናብ ሲጀምር ወረርሽኙ በሳምንታት ውስጥ ይከስማል። ኢትዮጵያ በ1981 እና በ1989 በከባዱ ተመትታለች፤ በሁለቱም ጊዜ የታመመው ሰው በአሥር ሺዎች ተቆጥሯል። የሁለተኛው መነሻ ሩቅ ነበር። በ1987 የሐጅ ወቅት መካ ላይ ወረርሽኝ ተነሥቶ፣ ተጓዦች በጉሮሯቸው ይዘውት የተመለሱት ዝርያ በተከታዮቹ ዓመታት ሱዳንን፣ ቻድንና ኢትዮጵያን አዳረሰ። ሳዑዲ ዓረቢያ ለሐጅ የሚመጣ ሁሉ የማጅራት ገትር ክትባት እንዲወስድ የምታስገድደውም በዚህ የተነሣ ነው።

ባክቴሪያው በርካታ ዝርያዎች አሉት፤ በላቲን ፊደል ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ደብልዩ፣ ኤክስ፣ ዋይ ተብለው ይጠራሉ። እስከ 2010 ድረስ በቀበቶው ውስጥ ትልልቆቹን ወረርሽኞች የሚያስነሣው በአብዛኛው ኤ ነበር። ስለዚህ ጠላቱ በስም ይታወቅ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ አሮጌው ክትባት እንሂድ። ታሪኩ የሚጀምረው ከጦር ካምፕ ነው። አዲስ ምልምል ወታደሮች ከየቦታው ተሰብስበው አንድ አዳራሽ ውስጥ ሲያድሩ ማጅራት ገትር ይነሣባቸዋል፤ በ1960ዎቹ ደግሞ እስከዚያ የሚከላከልላቸው የሰልፋ መድኃኒት በአሜሪካ ካምፖች ውስጥ መሥራት አቆመ። በዋልተር ሪድ የጦር ሠራዊት ምርምር ተቋም የነበሩት ጎልድሽናይደር፣ ጎትሽሊክና አርተንስታይን ኒው ጀርሲ በሚገኘው ፎርት ዲክስ ካምፕ አንድ ቀላል የሚመስል ግን ብልኅ ጥናት አደረጉ። ከ14 ሺህ በላይ ምልምሎች ገና ካምፕ ሲገቡ ደም ቀድተው አስቀመጡ፤ ከዚያ ማን እንደሚታመም ጠበቁ። ከታመሙት ውስጥ የ54ቱን ደም አውጥተው ከሕያው ባክቴሪያ ጋር ሲያዋሕዱት ባክቴሪያውን መግደል የቻለው የ3ቱ ብቻ ነበር። ካልታመሙት ግን ከመቶው የ82ቱ ደም ገደለው።

ይህ ውጤት በ1969 ሲታተም ሁለት ነገር አረጋገጠ። አንደኛ፣ ከዚህ በሽታ የሚጠብቀው በደም ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ገዳይ ፀረ እንግዳ አካል ነው። ሁለተኛ፣ አንድ ክትባት ይሠራ እንደሆነ ለማወቅ ሰው እስኪታመም መጠበቅ ግድ አይደለም፤ ከተከተበው ሰው ደም ጥቂት ቀድቶ ባክቴሪያውን ይገድል እንደሆነ በላቦራቶሪ ማየት ይቻላል። ይህን ሁለተኛ ነጥብ አንባቢ ይያዝልኝ፤ ከአርባ ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ትልቅ ውለታ ውሏል።

ባክቴሪያው በላዩ ላይ ከስኳር ሰንሰለት የተሠራ ካባ ለብሷል። ተመራማሪዎቹ ይህን ካባ ገፍፈው፣ አጥርተው፣ ለብቻው ወጉት፤ ሰውነትም ፀረ እንግዳ አካል ሠራ። አሮጌው ክትባት ይኸው ነው። ለወታደር በቂ ነበር፤ ጎልማሳን ለጥቂት ዓመታት ይጠብቃል። ለሕፃናት ግን፣ በተለይ ከሁለት ዓመት በታች ላሉት፣ እምብዛም አይሠራም፤ ቢሠራም ቶሎ ይጠፋል። ትዝታም አይተውም፦ ሰውነት በሁለተኛው ጊዜ ከመጀመሪያው የበረታ ምላሽ አይሰጥም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የተከተበው ሰው ባክቴሪያውን በጉሮሮው መሸከሙንና ለሌላው ማስተላለፉን አያቆምም።

ምክንያቱን ለመረዳት ስለ ሰውነታችን መከላከያ ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል። ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርቱት ቢ የተባሉ ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። እነሱን አበርትቶ፣ ምርታቸውን አሻሽሎ፣ ለዓመታት የሚቆይ ትዝታ እንዲተዉ የሚያደርጋቸው ሌላ ሴል አለ፤ ቲ ሴል ይባላል። ቲ ሴል ግን የሚያውቀው የፕሮቲን ቁራጭን ነው፤ ስኳር ቢያሳዩት አያውቀውም። ስለዚህ ለብቻው የተወጋ ስኳር ዋስ እንደሌለው ተበዳሪ ነው፤ ቢ ሴሉ ለጊዜው ጥቂት ይሰጠዋል፣ ትልቁን ብድር የሚፈቅደው ቲ ሴል ግን ፊቱን ያዞርበታል። ስኳሩን ሰውነት አጥብቆ ከሚያውቀው ፕሮቲን ጋር በኬሚካል ማሰሪያ ብናጣብቀውስ? ያን ጊዜ ቢ ሴሉ ስኳሩን ሲይዝ ፕሮቲኑንም አብሮ ይውጣል፤ ፈጭቶም ቁራጩን ለቲ ሴሉ ያሳያል፤ ቲ ሴሉም ዋሱን አውቆ እርዳታውን ይለቃል። በዚህ መንገድ የአንድ ዓመት ሕፃን እንኳ ጠንካራና ረጅም ዕድሜ ያለው መከላከያ ይሠራል። ለዋስነት ብዙ ጊዜ የሚያገለግለው መርዝነቱ የጠፋለት የመንጋጋ ቆልፍ ፕሮቲን ነው፤ እናቶቻችን በእርግዝና ጊዜ የሚወስዱት ክትባት የሚሠራበት ማለት ነው።

ስኳርን ከፕሮቲን የማጣመር ሐሳብ አዲስ አልነበረም። ኦስዋልድ ኤቨሪና ዋልተር ጎብል ኒው ዮርክ ውስጥ በ1929 አሳይተውታል። በ1980ዎቹ ሂብ በሚባለው የሕፃናት ማጅራት ገትርና የሳንባ ምች ባክቴሪያ ላይ ሠርቶ በብዙ ሀገር በሽታውን ሊያጠፋው ደረሰ። ብሪታንያ በ1999 ለሲ ዝርያ እንዲሁ ያለ ጥምር ክትባት ለልጆቿ መስጠት ጀምራ ብዙም ሳይቆይ በሽታው ተመናመነ። ለኤ ዝርያስ? በ1990ዎቹ ኤን እና ሲን የያዙ የሙከራ ጥምር ክትባቶች በጋምቢያና በኒጀር ተሞክረው ተስፋ ሰጥተው ነበር። ተተዉ። ኤ ዝርያ ከሀብታም ሀገሮች ጠፍቶ ስለነበር ከፍሎ የሚገዛ አልተገኘም። ሳይንሱ ዝግጁ ነበር፤ የተሰናከለው ሒሳቡ ላይ ነው።

በዚህ መሀል አፍሪካ በአሮጌው ክትባት ከወረርሽኝ ኋላ እየሮጠች ነበር። አሠራሩ ይህ ነው፦ በአንድ ወረዳ ውስጥ በሳምንት የሚታመሙት ሰዎች ቁጥር ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ወረርሽኝ ይታወጃል፣ ክትባት ይጠየቃል፣ አውሮፕላን ይጫናል፣ መኪና ይጫናል፣ ቡድን ይሰማራል። ይህ ሁሉ ሳምንታት ይፈጃል። ክትባቱ ሲደርስ ብዙውን ጊዜ የሚሞተው ሞቷል፤ ዝናቡም ሊመጣ ነው። በሚቀጥለው ዓመት በሌላ ወረዳ ያው ይደገማል። የጤና ባለሙያዎቹ ሰነፎች አልነበሩም። ስኳር ብቻ የሆነ ክትባት አስቀድሞ ለሕዝብ ቢሰጥ ስለማይቆይ፣ ከዚህ የተሻለ ማድረግ አይቻላቸውም ነበር። የእንቆቅልሹ መልስ እንግዲህ ይኸው ነው፦ አሮጌው ክትባት ከባክቴሪያው ጋር እንጂ ከአፍሪካ ሕዝብ ኑሮ ጋር የሚገጥም አልነበረም።

በ2001 የዓለም ጤና ድርጅትና ፓዝ የተባለው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት፣ ከጌትስ ፋውንዴሽን በተገኘ 70 ሚሊዮን ዶላር፣ የማጅራት ገትር ክትባት ፕሮጀክትን አቋቋሙ። ዳይሬክተሩ ዶክተር ማርክ ላፎርስ ነበሩ። ከሁሉ በፊት የቀበቶውን ሀገሮች የጤና ባለሥልጣናት ጠየቁ፤ የተመለሰላቸውም ስለ ዋጋ ነበር። አንድ ክትባት ከግማሽ ዶላር ከበለጠ ለሕዝብ በጅምላ መስጠት አይቻልም። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ድህነት የተናገረው ልመና ይመስለዋል። እኔ ግን የምህንድስና መመዘኛ አድርጌ ነው የማየው፦ ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ ስንት ቶን እንደሚያልፍበት ቀድሞ እንደሚነገረው ሁሉ፣ ለእነዚህም ስንት ሳንቲም እንደሚሸከም ተነገራቸው።

ትልልቆቹ የአውሮፓና የአሜሪካ አምራቾች በዚያ ዋጋ አንሠራም አሉ። ፕሮጀክቱም ሥራውን ከፋፍሎ ያዘው። የኤ ዝርያን ስኳር አምስተርዳም ያለ ሲንኮ የተባለ ድርጅት አቀረበ። የመንጋጋ ቆልፉን ፕሮቲን በሕንድ ፑኔ ከተማ የሚገኘው ሴረም ኢንስቲትዩት ራሱ ያመርተው ነበር። ሁለቱን የሚያጣብቀውን ብልሃት ደግሞ በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ላቦራቶሪ ውስጥ ሮበርት ሊ እና ካርል ፍራሽ የተባሉ ሳይንቲስቶች አሻሽለውት ነበር፤ የፑኔ ባለሙያዎች እዚያ ድረስ ሄደው ተማሩት። ሴረም ኢንስቲትዩት በግማሽ ዶላር ለመሸጥ ተስማማ፤ በለውጡም ዕውቀቱን አገኘ። የባለቤትነት መብት ክርክር ብዙ መድኃኒት ባሠረበት ዘመን ይህ ስምምነት ሊነገርለት ይገባል።

ቀጥሎ የመጣው ሙከራ ነው። መጀመሪያ በእንስሳት ላይ መርዛማነቱ ተመረመረ። በ2005 ሕንድ ውስጥ ከመቶ በታች በሆኑ ጤነኛ ጎልማሶች ላይ ተሞከረ፤ የዚህ የመጀመሪያ ምዕራፍ ጥያቄ አንድ ነው፦ ጉዳት ያደርሳል ወይ? አላደረሰም። ከዚያ ክትባቱ ወደ ባለቤቶቹ መጣ። ከ2006 ጀምሮ በማሊ ዋና ከተማ ባማኮና በጋምቢያዋ ባሴ ከተማ ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 23 ወር የሆኑ 601 ሕፃናት ተሳተፉ። ቀጥሎም በማሊ፣ በጋምቢያና በሴኔጋል ከ2 እስከ 29 ዓመት ያሉ 900 ሰዎች ገቡበት። ተሳታፊዎቹ በዕጣ ተከፋፍለው አንዳንዶቹ አዲሱን፣ አንዳንዶቹ አሮጌውን ክትባት ወሰዱ፤ በሕፃናቱ ሙከራ ሦስተኛ ወገን የሂብ ክትባት ተሰጠው። የትኛው ልጅ የትኛውን እንደወሰደ ወላጁም ሆነ ውጤቱን የሚመዘግበው ባለሙያ እንዲያውቅ አልተደረገም፤ ምኞት ውጤትን ያጣምማልና። ባዶ ፈሳሽ ሳይሆን ሌላ ጠቃሚ ክትባት ለማነጻጸሪያ መስጠቱም ታስቦበት ነው፤ ማንም ልጅ ባዶ እጁን እንዳይሄድ።

የፎርት ዲክሱ መለኪያ ውለታውን የዋለው እዚህ ላይ ነው። ማጅራት ገትር መቼና የት እንደሚነሣ አይታወቅም። ክትባቱ በሽታውን መከላከሉን በቀጥታ ለመቁጠር ቢፈለግ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን መዝግቦ፣ ግማሹን ሳይከትቡ ትቶ፣ ወረርሽኝ እስኪመጣ መጠበቅ ይጠይቅ ነበር። ያ ገንዘብም ዓመታትም ይፈጃል፤ ያልተከተቡትን ደግሞ ለሞት አሳልፎ እንደመስጠት ነው። ስለዚህ ከተሳታፊዎቹ ደም ተቀድቶ ባክቴሪያውን የመግደል ኃይሉ ተለካ። አዲሱ ከአሮጌው በብዙ እጥፍ በለጠ፤ መከላከያውም ቆየ። የጎንዮሽ ጉዳቱ የተወጋበት ቦታ ሕመምና የአንድ ሁለት ቀን ትኩሳት ዓይነት ነበር። የሕንድ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በታኅሣሥ 2009፣ የዓለም ጤና ድርጅት በሰኔ 2010 አጸደቁት። ስሙ ሜንአፍሪቫክ ተባለ።

ሙከራ የሚለውን ቃል ስንሰማ የምንሸማቀቀው በከንቱ እንዳልሆነም መናገር አለብኝ። በዚያው በ1996ቱ ወረርሽኝ ወቅት ፋይዘር የተባለው ኩባንያ በናይጄሪያዋ ካኖ ከተማ አዲስ አንቲባዮቲክ በ200 ያህል የታመሙ ሕፃናት ላይ ሞክሮ ነበር። ወላጆች በቂ ማብራሪያ ተሰጥቷቸው ፈቅደዋል ወይስ አልፈቀዱም በሚለው ላይ ለዓመታት ክስ ተካሄደ፤ ኩባንያው ጥፋት የለብኝም ቢልም በ2009 ከካኖ ግዛት መንግሥት ጋር በ75 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። በ2003 ካኖ የፖሊዮ ክትባትን አላስገባም ስትል ይህ ቁስል ገና ትኩስ ነበር። ክትባቱ በቆመባቸው ወራት የፖሊዮ ቫይረስ ከሰሜን ናይጄሪያ ተነሥቶ ከዚያ በፊት ወደ ነፁ ብዙ ሀገሮች ተዛመተ። እምነትን የሚያጎድል ሰው ጉዳቱ በራሱ ሙከራ ላይ አይቆምም። በባማኮና በባሴ የሀገሬው ተመራማሪዎች ሥራውን መምራታቸው፣ የሰፈር ሽማግሌዎች አስቀድመው መስማታቸው፣ እያንዳንዱ ወላጅ በሚገባው ቋንቋ ተነግሮት መፈረሙ ለዚህ ነው። ይህ ክፍል ከላቦራቶሪው ሥራ አያንስም።

ታኅሣሥ 6 ቀን 2010 ቡርኪና ፋሶ ዘመቻውን ጀመረች። በአሥር ቀን ገደማ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 29 ዓመት የሆኑ 11 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ተከተቡ። ለምን እስከ 29? ሕፃናቱን ብቻ ቢከትቡ በበቃ ነበር ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። በሽታው በብዛት የሚይዘውም፣ ባክቴሪያውን በጉሮሮው ይዞ የሚያዞረውም በዚህ ዕድሜ ያለው ሕዝብ ነው። ትምህርት ቤት፣ ገበያ፣ ሠርግ፣ የጋራ መኝታ የእሱ ነው። እሱ መሸከም ካቆመ ባክቴሪያው ማደሪያ ያጣል።

ኢትዮጵያ ከ2013 እስከ 2015 በሦስት ዙር ዘመቻውን አካሂዳለች። ያን ጊዜ ከ30 ዓመት በታች የነበረ አንባቢ፣ በቀበሌ ወይም በትምህርት ቤት ግቢ ተሰልፎ አንድ ጊዜ ክንዱን መወጋቱን ሳያስታውስ አይቀርም፤ ያ ይኸው የግማሽ ዶላሩ ክትባት ነበር።

ስለ መጓጓዣው አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ጊዜ ተረስቶ የሚያልፍ ጉዳይ ነውና። ክትባት በአብዛኛው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ቅዝቃዜ ከፋብሪካ እስከ ክንድ መድረስ አለበት። መብራት በሌለበት ገጠር ይህ ማለት በየጊዜው በረዶ ማቀዝቀዝ፣ ሳጥን በትከሻ መሸከም፣ በረዶው ሳይቀልጥ መመለስ ነው። ሜንአፍሪቫክ ሙቀት እንደሚችል በፈተና ታይቶ በ2012 እስከ 40 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ለአራት ቀን ያለ በረዶ መቆየት እንደሚችል ተፈቀደለት፤ መጀመሪያም በቤኒን በዘመቻ ተሠራበት። የጤና ባለሙያው በረዶ ፍለጋ ወደ ከተማ መመለሱን ትቶ ራቅ ያለ መንደር አድሮ መሥራት ቻለ። ክትባቱ አልተለወጠም። የተለወጠው መመሪያው ነው፤ እሱም የተለወጠው ገጠር የሠሩ ሰዎች ስለጠየቁ ነው።

ውጤቱስ? ቻድ ሳትፈልገው ምርጥ ማነጻጸሪያ ሆነች። በ2011 መጨረሻ ዋና ከተማዋን ንጃሜናንና አካባቢውን ከተበች፤ ሌላው ክፍል ገና ተራ እየጠበቀ ሳለ በ2012 ወረርሽኝ መጣ። ባልተከተበው አካባቢ ከ100 ሺህ ሰው ወደ 44 የሚጠጋ ሲታመም፣ በተከተበው ከሦስት ያነሰ ታመመ፤ ልዩነቱ 94 በመቶ ነው። ቡርኪና ፋሶ ውስጥ ደግሞ ተመራማሪዎች ከዘመቻው በፊትና በኋላ በየጊዜው ከ20 ሺህ በላይ የሚሆኑ ሰዎችን ጉሮሮ በጥጥ እየጠረጉ መረመሩ። ከዘመቻው በኋላ ኤ ዝርያ ከተከተቡትም ካልተከተቡትም ጉሮሮ ጠፋ።

የመጨረሻውን ቃል ልድገመው፦ ካልተከተቡትም። ሐኪም አንድ በሽተኛ ሲያክም የሚድነው ያ በሽተኛ ነው። ክትባት በበቂ ቁጥር ሲሰጥ ግን ያልተከተበችው የስድስት ወር ሕፃን፣ በዘመቻው ዕድሜ ውስጥ ያልገቡት አያት፣ በሌላ ሕመም ሰውነቱ የደከመው ጎረቤት አብረው ይጠበቃሉ፤ ባክቴሪያው ወደ እነሱ የሚያደርስ መንገድ ያጣልና። ክትባትን የሕዝብ ጤና ጉዳይ የሚያደርገው ይህ ነው። «እኔ ጤነኛ ነኝ፣ ምን ያደርግልኛል?» የሚለው ሙግት የማያስኬደውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ማጅራት ገትርን ከቤት ወደ ቤት የሚያዞረው ጤነኛው ሰው ነውና።

እስካሁን በቀበቶው ሀገሮች ከ350 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተከትበዋል። በኤ ዝርያ መታመሙ በላቦራቶሪ የተረጋገጠ ሰው ከ2017 ወዲህ በቀበቶው አልታየም። መቶ ዓመት ያህል ሲመላለስ ለኖረ ወረርሽኝ ይህ ቀላል ድል አይደለም። ሆኖም ዘመቻ አንድ ጊዜ ነው፤ ልጆች ግን በየቀኑ ይወለዳሉ። ከዘመቻው በኋላ የተወለዱት በመደበኛው የሕፃናት ክትባት ካልተካተቱ በጊዜ ብዛት ያልተጠበቀ ትውልድ ይከማቻል፤ ጋናና ሱዳን ይህን ተረድተው በ2016 ክትባቱን በመደበኛ ፕሮግራማቸው ቀድመው አስገቡ።

ሌላም የሚቀር አለ። ሜንአፍሪቫክ የሚያውቀው ኤ ዝርያን ብቻ ነው። በ2015 ኒጀርን፣ በ2017 ናይጄሪያን ሲ ዝርያ ክፉኛ መታቸው፤ ናይጄሪያ ውስጥ ብቻ ከሺህ በላይ ሰው ሞተ። ደብልዩና ኤክስም በየቦታው ይነሣሉ። ለእነዚህ መልስ የሚሆነውን ክትባት ፓዝና ሴረም ኢንስቲትዩት በድጋሚ አብረው ሠሩት፤ ኤን፣ ሲን፣ ደብልዩን፣ ዋይንና ኤክስን በአንድ መርፌ የያዘ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሐምሌ 2023 አጸደቀው፤ በሚያዝያ 2024 ናይጄሪያ በዓለም የመጀመሪያዋ ተጠቃሚ ሆነች። ዋጋው ግን ወደ ሦስት ዶላር ነው። አምስት ስኳሮችን ለየብቻ አምርቶ፣ አጣምሮ፣ ፈትሾ ማቅረብ ከአንድ ይበልጣልና ዋጋው መጨመሩ አይገርምም። የሚያሳስበኝ ግን የ2001ዱ ጥያቄ ተመልሶ መምጣቱ ነው። ከሦስት ዶላር ያልወረደ ክትባት ለመቶ ሚሊዮኖች በዘመቻ ይዳረሳል ብዬ አላምንም፤ ለጋሾችና መንግሥታት በዋጋው ላይ ካልተደራደሩ ተመልሶ ከወረርሽኝ ኋላ የሚሮጥ ክትባት ይሆናል።

እስከዚያው በቀበቶው ውስጥ የምንኖር ሰዎች ልናውቀው የሚገባ ነገር አለ። ከአሥር ዓመት በፊት የተወሰደው ክትባት ከሌሎቹ ዝርያዎች አይጠብቅም። በበጋው ወራት ድንገተኛ ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታትና የአንገት መገተር ያለበት ሰው፣ ወይም ትኩሳት ኖሮት የሚያስመልሰውና መጥባት እምቢ ያለ ሕፃን ካለ፣ ሌሊቱን ሳያሳድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፤ ይህ በሽታ በአንድ ቀን ውስጥ ሊገድል ይችላል።